ቧንቧዬ ስትጠጣ

ግንቦት 1 ቀን 1974፣ እሑድ

የልደታን ንፍሮ ከጎረቤት ጋር በደጅ በልተን ገባን። ይህ ደብተር መሠረተ ትምህርት ሳስተምር የተረፈኝ ነው። እስከ ዐሥረኛ ክፍል ተምሬ እጄ ጽሕፈት እንዳይረሳ ብዬ ዛሬ ጀመርኩት። ክንፈ አይቶኝ፣ «አፍሽ አልበቃ ብሎ ደግሞ በእጅሽ ልታወሪ ነው?» አለኝ። ሃያ ዓመት በትዳር ኖረን ባሌ እስካሁን ከወሬዬ መሸሸጊያ አላገኘም፤ የመንግሥት እርሻው ላይ ውሎ ሲመጣ እኔ በር ላይ ነኝ።

ልጽፍ የፈለግሁት ደስታዬን ነው። የቦኖው ቁልፍ እጄ ከገባ ሦስት ወር ሞላው! ሸዋ ሮቢት ውስጥ ስንት ሴት እያለ ቀበሌው ለእኔ ሰጠኝ። ሰፈሩ ሁሉ እንስራውን ይዞ እኔ ጋ ይሰለፋል፤ እኔም እቀዳለሁ፣ አወራለሁ። ውሃችን ከከርሰ ምድር ነው የሚወጣው። ሞተሩን የሚያስነሳው፣ ታንከሩን የሚሞላው፣ ክሎሪኑን የሚጨምረው አሊዪ ነው፤ የጎረቤቴ የሐቢባ ባል። ድሮ ወንዝ ወርደን ከከብት ጋር እየተጋፋን ነበር የምንቀዳው። አሁን በብርጭቆ አድርጌ ወደ ፀሐይ አነሣዋለሁ። እንደ መስተዋት! ክንፈ፣ «ውሃ አይተሽ አታውቂም?» ይላል። እንዲህ ያለ አላየሁም እለዋለሁ።

ግንቦት 6፣ ዓርብ

ብልሃት ፈጠርኩ! ከቦኖው አጠገብ የሲሚንቶ ገንዳ አለ። ግመሎች ይጠጡበታል፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ወደ መስጊድ የሚያልፉ ሽማግሌዎች ጠርዙ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ይታጠባሉ። እስከ ዛሬ በባልዲ እያመላለስኩ ወገቤ ሊቆረጥ ነበር። ክንፈ ከእርሻው የተጣለ የውሃ ጎማ፣ ስምንት ክንድ የሚሆን፣ አመጣልኝ። አንዱን ጫፍ ከቧንቧው አፍ ጋር በጨርቅ ጠፍሬ አሰርኩት። ሌላውን ጫፍ እንዳይረጭና ጭቃ እንዳያደርግብኝ ገንዳው ሥር ድረስ አጠለቅሁት። ጸጥ ብሎ ይሞላል።

ከአሊዩ አምባ በኩል የመጡ አንድ ግመል ነጂ ሽማግሌ ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ «የሰው ዱዓማ ለሁሉም ይደርሳል፤ ላንቺ የግመልም ይጨመርልሽ፣ ልጄ» አሉኝ። ስስቅ ዋልኩ።

ግንቦት 11፣ ረቡዕ

ነዳጅ አጠረ፤ ውሃው በፈረቃ ሆነ። ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ አራት ሰዓት፣ ከዚያ ወደ ማታ ትንሽ። አሊዪ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ታንከሩን ዘግቶ በብስክሌቱ ሲያልፍ፣ «እትዬ፣ ለዛሬ በቃን!» ይለኛል። እኔ ቧንቧውን አልዘጋውም። እንደ ማንኛዋም ሴት ከፍቼው እተዋለሁ፤ ውሃው ሲመለስ ድምፁን ሰምቼ እንድሮጥ ነዋ።

የሚገርም ነገር አለ። ውሃው እንደ ሄደ ጎማው መጀመሪያ ያፏጫል፤ ከዚያ ጉርጉር ይላል፤ ከዚያ ገንዳው አንድ ስንዝር ይጎድላል። ግመል አልመጣ፣ ሰው አልቀዳ! ቧንቧዬንም የግንቦት ሙቀት ያስጠማታል መሰለኝ። ለክንፈ ነገርኩት።

«ቧንቧ ትጠጣለች?» አለ።

«ትጠጣለች!»

«እንግዲያ ጠጥታ ሰው እንዳትሳደብ ጠብቂያት።»

ግንቦት 20፣ ዓርብ

ታች ሰፈር ሕመም ገባ። የአስተማሪው ሚስት ደመቀች ቧንቧ ግቢዋ ድረስ አስገብታ ስንት ደግሳልን ነበር፤ አሁን ሕፃኗ ከትናንት ጀምሮ ተቅማጥ ይዟታል። ዓይኗ ጎድጉዷል። ከእኛ ቦኖ በታች አምስት ቤት እንዲሁ ነው። ከእኛ በላይ ማንም አልታመመም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔም ባዶ እጄን አልሄድኩም፤ ከቦኖዬ በጀሪካን ቀድቼ ይዤላት ወረድኩ። «ያንቺ ውሃ ይሻላል» አለችኝ። ኮራሁ።

ወሬው ብዙ ነው። አንዷ የማንጎ ወራት ስለሆነ ነው ትላለች። አንዷ ክሎሪኑ አልቋል ትላለች። ሌላዋ ጉድጓዱ ውስጥ እባብ ሞቷል አለች። ጉድጓዱ እኮ ክንድ የማያስገባ ብረት ነው፣ ክዳኑም በቡሎን የታሰረ! ይህን ሁሉ ሳስረዳ ጉሮሮዬ ደረቀ።

ግንቦት 27፣ ዓርብ

በጥድፊያ። ዐሥራ አንድ ልጆች። ጤና ጣቢያው መሬት ላይ ሰሌን አንጥፏል። የደመቀች ልጅ ጉሉኮስ ተሰክቶላታል። ሁለት ጊዜ ሄጄ አየኋት። ዝናብ የለም።

ግንቦት 30፣ ሰኞ

ውሃ የሚመረምረው ሳኒታሪያን ከጤና ጥበቃ መጣ። አሰግድ ይባላል፤ የጎጃም ልጅ፣ ገና ወጣት። ሙቀታችን ፊቱን ቲማቲም አስመስሎታል። ከጉድጓዱ አፍ፣ ከታንከሩ፣ ከታች ሰፈር ቧንቧዎች በትንንሽ ጠርሙስ ውሃ ቀዳ። በበረዶ አሽጎ ለምርመራ አዲስ አበባ ይልከዋል።

እኔ ጋ ሳይደርስ በጠዋት ጎማውን ፈትቼ ቤት አስገብቼው ነበር። ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ነው። በእንግዳ ፊትም የተዝረከረከ ነገር ደስ አይልም። ቦኖውን አጥቤ፣ ዙሪያውን ጠርጌ ጠበቅሁት። «እትዬ ቆንጅት፣ እንደርስዎ ያለ ንጹሕ ቦኖ ከደብረ ብርሃን እስከዚህ አላየሁም» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ከቧንቧው ላይ የሚያስሩት ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እንስራ ነው የሚደቀንበት» አልኩት።

ውሸት አይደለም። እንስራ ይደቀንበታል።

ከሰዓት በኋላ ግመሎቹ መጥተው ይጮኹ ጀመር። ጎማውን መልሼ አሰርኩት። እነሱ ምን አጠፉ?

ሰኔ 5፣ ቅዳሜ

ውጤቱ መጣ። ጉድጓዱ ንጹሕ። ታንከሩ ንጹሕ። ታች ሰፈር ቆሻሻ። አሰግድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የዓይነ ምድር ምልክት ተገኝቶበታል» አለ።

ሊቀመንበራችን ጓድ ወንድሙ ቢሮው ውስጥ ሲጮኽ በመስኮት ሰማሁት። «ሞተሩ በማን እጅ ነው? ክሎሪኑ በማን እጅ ነው? ታንከሩ ንጹሕ የሆነው ሳኒታሪያኑ እንደሚመጣ ስለ ሰማ ነው። ይህ አሻጥር ነው!» ወዲያው አብዮት ጥበቃዎች አሊዪን ከሞተሩ ቤት ወሰዱት። እጁ ላይ ግራሶ እንዳለ። ሐቢባ ጫማ ሳታደርግ ተከተለቻቸው።

ሰኔ 6፣ እሑድ

ውሃው ከጉድጓዱ ንጹሕ ነው። ታች ሰፈር ቆሻሻ ነው። በመሀል ምን አለ? በመሀል መስመሩ አለ። በመሀል እኔም አለሁ።

ይህን ለምን እንደ ጻፍኩት አላውቅም። ጎማውን ከገንዳው አውጥቼ ጣራ ላይ ወረወርኩት። ግመሎቹን በባልዲ ነው ያጠጣሁት።

ሰኔ 12፣ ቅዳሜ

ገንዳው ሳምንቱን ሙሉ አልጎደለም።

አሰግድ ጤና ጣቢያ በር ላይ አግኝቶኝ፣ «እትዬ ቆንጅት፣ የምሥራች! አምስት ቀን ሆነ አዲስ በሽተኛ አልመጣም» አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! የደመቀች ልጅም ጡት መጥባት ጀመረች። እልል ልል ነበር፣ ጓድ ወንድሙ ከኋላችን ባይመጣ። «አያችሁ?» አለ። «እሱ ከታሰረ ወዲህ በሽታው ቆመ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?»

አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

እኔ እኮ እንዲሻላቸው ብዬ ነው ጎማውን ያወጣሁት። እነሱ ሲሻላቸው የእሱ ነገር ይከፋል ብሎ ማን ያስባል?

ሰኔ 16፣ ረቡዕ

ረመዳን ገባ። ሐቢባ ጀምበር ሳትጠልቅ የአሊዪን ማፍጠሪያ፣ ተምርና ሾርባ፣ ይዛ ቀበሌው በር ላይ ትቆማለች። አንዳንድ ቀን ያስገቡላታል። ሞተሩን አሁን የሚያስነሳው የእርሻው መካኒክ ነው።

ዛሬ፣ «አውራጃ ሊልኩት ነው አሉ፣ እትዬ» አለችኝ። አውራጃ የተላከ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። «ዱዓ አድርጊልኝ» አለችኝ። እኔ ደግሞ የሐዋርያት ጾም ላይ ነኝ። ሁለታችንም ጾመኞች። አደርጋለሁ አልኳት። አደረግሁም፤ ግን ስጸልይ ቃሉ ይጠፋብኛል። እኔ ቃል ይጠፋብኛል!

ሰኔ 20፣ እሑድ

ዘመቻ። ከየቤቱ አንድ ሰው ዶማ ይዞ ወጣ። አሰግድ ነው ሊቀመንበሩን የለመነው። «መስመሩ ላይ ስብር ካለ ቆሻሻው የሚገባው በዚያ ነው። ካገኘነው ሰውየው ከደሙ ንጹሕ ነው» ብሎ። እስከ ረቡዕ ጊዜ ሰጡት።

ከቦኖው ጀምረን ወደ ታች ሰፈር ቆፈርን። ሐቢባ በጾም አፏ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ጎንበስ ብላ ሌላው በዶማ የገለጠውን በእጇ ትጠርገዋለች፤ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው። መገጣጠሚያ ባገኘች ቁጥር በጣቷ ዙሪያውን ትዳብሰዋለች። «ይሄም ደህና ነው» ትላለች። ደህና በሆነ ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። ሰው እንዴት ስብር ይናፍቃል? ሐቢባ ናፈቀች።

ለቆፋሪዎቹ ውሃ ሳድል ረስቼ ለእሷም ኩባያ ዘረጋሁላት። ቀና ብላ አየችኝ። «ጾም ነው እኮ፣ እትዬ።» ከዚያ ላቧን በክንዷ ጠርጋ፣ «አንቺ ቀኑን ሙሉ ቦኖው ጋ ነው የምትውይው። ምንም አላየሽም?» አለችኝ።

«ምንም።»

በዕድሜዬ እንዲህ አጭር መልስ መልሼ አላውቅም።

እራት ላይ ለክንፈ ነገርኩት። ጎማውን፣ ገንዳውን፣ ጉርጉሩን፣ እንስራ ነው ያልኩትን ጭምር። መጀመሪያ፣ «ጎማውን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ፣ «እንግዲህ ንገሪያቸዋ» አለ። «ሌላውን ሁሉ ትናገሪ የለ?»

ሰኔ 21፣ ሰኞ

በጠዋት ሄጄ ለአሰግድ ነገርኩት። ይጮኽብኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ ከወንበሩ ዘለለ! «ይጎድላል? ገንዳው ይጎድላል ነው የሚሉኝ? በስንት ደቂቃ?» መሬት ላይ በእንጨት ሥዕል ሣለልኝ። ሞተሩ ቆሞ ታንከሩ ሲዘጋ ታች ሰፈር ያሉት ክፍት ቧንቧዎች መስመሩ ውስጥ የቀረውን ውሃ ወደ ራሳቸው ያወርዱታል። መስመሩ ባዶ ሲሆን ከላይ ክፍት የሆነውን ይስባል። ከላይ ክፍት የሆነው የእኔ ቧንቧ ነው። የቧንቧዬ ጎማ ገንዳ ውስጥ ነው። ገንዳው ውስጥ የግመል ለሐጭና የስንት መንገደኛ እግር እጣቢ አለ።

«ሾፌሮች ቤንዚን በጎማ ስበው ሲቀዱ አይተው አያውቁም?» አለኝ።

አይቻለሁ። ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ገባኝ ብዬ ተነሣሁ። እውነቱን ልጻፍ፣ ማንም አያነበውም፤ ሳይገባኝ የቆየ ነገር አልነበረም።

ሰኔ 22፣ ማክሰኞ

ዛሬ ማንም ውሃ እንዳይጠጣ፣ የታች ሰፈር ቧንቧዎች ግን ክፍት እንዲሆኑ ተነግሮ አደረ። ጎማውን ከጣራ አውርጄ እንደ ድሮው አሰርኩት። አራት ሰዓት ላይ ሞተሩ ቆመ። አሰግድ ያንን ቁስል የሚታጠብበትን ሐምራዊ መድኃኒት ገንዳው ውስጥ በተነው። ጎማው አፏጨ፤ ጉርጉር አለ። ሐምራዊው ውሃ ስንዝር ሙሉ ወረደ። ጓድ ወንድሙ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያያል።

ወደ ማታ ውሃው ሲመለስ ሁላችንም ደመቀች ግቢ ነበርን። ቧንቧዋ ሳል ሳል አደረጋት፣ ከዚያ ሐምራዊ ቀዳች። አንዲት ባልቴት አጥር ላይ ሆነው፣ «ቃና ዘገሊላ!» ብለው ጮኹ። ማንም አልሳቀም። እኔም። ሁሉም ወደ እኔ ነው የሚያየው።

ልጅቷ ድናለች፤ ጉንጯ ሞልቷል። ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ። ደመቀች አልሰጠችኝም።

ጓድ ወንድሙ፣ «ጓድ ቆንጅት፣ አንቺ ዝም ስትይ ሰውየው ዐሥራ ሰባት ቀን ታስሯል» አለ። ያሰረው እሱ እንደሆነ ልነግረው ነበር። የተናገረው ልክ መሆኑ ነው ያስቆመኝ።

ሰኔ 24፣ ኀሙስ

አሊዪ ተፈታ! ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። ቤቱ ሳይገባ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ሄደ። «ዘይቱን እንዲህ ያደረገው ማነው? ሰው አይደለም እንዴ መካኒኩ?» እያለ ሲቆጣ እስከ መንገዱ ይሰማል። እንዴት ያለ ደስ የሚል ቁጣ! ቆሜ አዳመጥኩት።

ሐቢባ በአጠገቤ አለፈች። ሰላም አላለችኝም።

ሰኔ 27፣ እሑድ

በቀበሌው ስብሰባ ግለሂስ አደረግሁ። ወረቀት አዘጋጅቼ ነበር፤ አላነበብኩትም። እንዳለ ነገርኳቸው። ኩራቴን፣ ቁልፉን እንዳልነጠቅ መፍራቴን፣ ሐቢባ ስትቆፍር ምንም አላየሁም ማለቴን።

አንዱ፣ «ትታሰር!» አለ። ያን ጊዜ አሊዪ እጁን አወጣ። «እስር ቤቱን እኔ አውቀዋለሁ፤ የሚጨምረው ነገር የለም። ጎማ ውሃ ውስጥ የነከረች እሷ ብቻ ከሆነች እሰሯት። እኔ ግን በየግቢው በርሜል ውስጥ ስንቱን አይቼ አልፌአለሁ» አለና ተቀመጠ። ስንቱ ሰው የየቤቱን በርሜል እንዳሰበ እግዜር ይወቀው።

ጓድ ወንድሙ ከኮሚቴው ጋር ተነጋግሮ ወሰነ። ቁልፉን አስረክባለሁ። ቅጣቴ ደግሞ በየቦኖው፣ በየሰፈሩ፣ እስከ ጀውሃና አጣዬ ድረስ ዞሬ ያደረግሁትን በራሴ አፍ መናገር ነው። ከኋላ አንዱ፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቺን ሴት ማናገር እኮ ቅጣቱ ለእኛ ነው!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም እንባዬን እየጠረግሁ ሳቅሁ። ክንፈ ብቻ አልሳቀም፤ እሱ ቅጣቱን ያውቀዋል።

ሐምሌ 7፣ ረቡዕ

በአንድ ሳምንት ዘጠኝ ጎማ! አራቱ በርሜል ውስጥ፣ ሦስቱ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ፣ አንዱ የዶሮ መጠጫ ውስጥ፣ አንዱ ደግሞ፣ አልጠራውም፣ ሊቀመንበሩ ግቢ። «ውሃ ሲሄድ ቧንቧ ይዘጋ፤ ጎማ ውሃ ውስጥ አይደር» እላለሁ። መጀመሪያ ይሳለቁብኛል፤ ስጨርስ ይጠይቁኛል።

ቁልፉ ለሐቢባ ተሰጠ። እንደ ሰው ሁሉ ተሰልፌ እቀዳለሁ። አታናግረኝም። እንስራዬን ግን እስከ አፉ ትሞላልኛለች። ሌላው የሚቀበለው ያንኑ መሆኑን አይቻለሁ፤ ቢሆንም።

ሐምሌ 19፣ ሰኞ

ጀውሃ ዋልኩ። ሐቢባ የጀውሃ ልጅ ናት፤ ዒድ ካለፈ በኋላ እናቷን ልትጠይቅ በዚያው አውቶቡስ ፊት ወንበር ላይ ነበረች። ወርዳ ሄደች፣ ወደ ኋላ አላየችም።

የጀውሃ ሴቶች አስቸገሩኝ። ምግብ ቤቶቹ ሁሉ የከባድ መኪና ማጠቢያ ጎማቸውን በርሜል ውስጥ ነክረዋል። ቆሜ መናገር ስጀምር አንዷ፣ «ሮቢቶች ደግሞ ውሃ ሊያስተምሩን መጡ!» አለች። ሌላዋ፣ «ቀበሌ ነው የላካት፣ ዝም በሏት፤ ታውራና ትሂድ» አለች። ድስታቸውን ያማስላሉ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። የባሰ ሳቁ። ነጠላዬን ሰብስቤ ልሄድ ነበር።

ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። ሐቢባ ናት፣ የእናቷን ቅርጫት በእጇ ይዛ።

«ባሌን ያሳሰረችው እሷ ናት» አለች። ድስት የሚያማስሉት እጆች ቆሙ። «ዐሥራ ዘጠኝ ቀን። ስታውቅ ዝም ብላ። ወላሂ ይቅር ልበላት አልበላት ገና አላውቅም። ያስፈታችውም እሷ ናት፤ ማንም ሳያስገድዳት፣ በራሷ አፍ። ከታች ሰፈር ዐሥራ አንድ ልጅ ወድቆ ነበር። አሁን ዞር በሉና ስሟት።»

ዞሩ። ተናገርኩ። ስጨርስ ያቺ የሳቀችብኝ ሴት ሄዳ ጎማዋን ከበርሜሉ ስባ አወጣች፣ ጠቀለለችው፣ ምሰሶው ላይ ሰቀለችው። ውሃው ከጫፉ ሲንጠባጠብ ቆመን አየን።

ስንመለስ ሐቢባ አጠገቤ ተቀመጠች። አውቶቡሱ መንገዱን አጋመሰ። ከዚያ፣ «ወሬሽ ይረዝማል፣ እትዬ» አለችኝ። «የግመሉን ዱዓ ተይው፣ ማንም አልጠየቀሽም። አጣዬ ላይ እኔ እጀምራለሁ፤ አንቺ ትጨርሻለሽ።»

ቀሚሴን አጥቤ አሰጣሁት። የአጣዬ አውቶቡስ ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚነሣው፤ ሐቢባ ደግሞ ያረፈደ ሰው አትጠብቅም።